እሜቴ ጣሊያኑን ያገቡ ዕለት

ወልደሩፋኤል ቱግ ባይ ነበር። ከአንኮበር በላይ ባለችው መንደራቸው የቁጣ ነገር ሲነሣ ስሙ አብሮ ይነሣል። በረዶ ሰብሉን ሲመታበት እንኳ ወደ ሰማይ አንጋጦ «ይሄ ፍርድ ነው?» እያለ ይሟገታል። በእርሻ ግን የሚወዳደረው አልነበረም። አባቱም አያቱም ያቺኑ ማሳ አርሰው ሞተዋል። ማሳዋ ግን የወይዘሮ አስካለማርያም ነበረች። ጭሰኛ ነዋ!

በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ባላቸው የሞተባቸው እሜቴ አስካለማርያም ሊያገቡ ነው ተባለ። ያግቡ፤ ማን ከለከላቸው? የሚያገቡት ግን ሙሴ ሉቺያኖን ነው! ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ አልሄድም ብሎ የቀረ፣ ደብረ ሲና መኪና የሚጠግን ሰው። ክርስትና ተነሥቶ ገብረአማኑኤል ተብሏል አሉ።

«ምን ሲደረግ!» አለ ወልደሩፋኤል። «ወንድሜን ጣርማበር ላይ ገድለውት፣ እኔ ለነሱ ልገብር?»

ነገሩ ይኸው ብቻ ቢሆን ሚስቱ በሰለች ታበርደው ነበር። ሰውየው ግን ገና ሳያገባ የወል ግጦሹን በገመድ ለካው፤ ቀጥሎ ማሳዎቹን። ትራክተር አመጣለሁ፣ ጭሰኛ አያስፈልገኝም ማለቱን የእሜቴ አሽከር ራሱ አወራው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው!

ስለዚህ የላይ መንደርና የታች መንደር ወንዶች በሠርጉ ዕለት የእሜቴን በር ሊዘጉ፣ ሙሽራውንም በመጣበት ሊመልሱ ተማማሉ። ቀኑ ደረሰ። የላይኞቹ ዱላቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ተገኙ። የታችኞቹን ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ የሉም። ወደ እሜቴ ግቢ ሲወርዱ ለካ እነሱ ቀድመው ደርሰዋል፤ ነጭ በነጭ ለብሰው ዳስ ውስጥ ቁርጥ ይቆርጣሉ! ሆዳም ሁላ!

«ሳትሞቱ ተዝካራችሁን ብሉ!» ብሎ ጮኸባቸው ወልደሩፋኤል። ደሙ ፈልቷል። እየመራ ወደ በሩ ተንደረደረ፤ በሩ ተገነጠለ፤ ዘበኞቹም ሸሹ። ሙሽራው ዳሱ ደጃፍ ላይ ብቻውን ቀረ። እሱም ያን ስብርብር አማርኛውን አውጥቶ፦

«በንጉሥ አምላክ! ቁም!» አለ።

ቆሙ። ምን ያድርጉ? በንጉሥ አምላክ ተብሎ አንድ እግር ያነሣ ሰው ከንጉሥ ጋር ተጣላ ማለት ነው። በዚህ ቃል ገበያ መሀል ጠብ ሲበርድ፣ የሚሮጥ ሌባ ሲቆም እያዩ ነው ያደጉት። ማንም ይበለው ማን፣ ቃሉ ያው ቃል ነው። የወልደሩፋኤል ዱላ እንደተነሣ ቀረ። ወይ ነዶ! የገዛ ወጋችንን ከኛው ተምሮ በኛው ላይ! ጭቃ ሹሙ ገመድ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ማንም አልተነቃነቀም። እነሱ ታሰሩ፤ ሠርጉም ቀጠለ።

የበጋውን ወራት ደብረ ብርሃን እስር ቤት አሳለፉ። የእርሻ ወቅት ሲቃረብ የነፍስ አባታቸው አባ ወልደተንሣኤ ሽምግልና ገብተው አስፈቷቸው። «ድንጋይ ተሸክማችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ መሬታችሁ አይነካም» አሏቸው።

ሁሉም ተሸከመ። ወልደሩፋኤልም ለልጆቹ ሲል ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አድርጎ ገባ። እሜቴ ጣሊያኑን አጠገባቸው አስቀምጠዋል። ተራው ሲደርስ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እኔን አይደለም» አሉ እሜቴ። «ጌታህን ለምነው።»

ወልደሩፋኤል ቀና አለ። «እሜቴ፣ እርስዎን በድያለሁ፤ ይማሩኝ። እሱ ግን እኔን ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለበት!» ድንጋዩን መሬት ላይ ጣለው።

«እንግዲያው መሬቴን ልቀቅ» አሉ።

ያን ጊዜ በሰለች ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ባሏን ዞር ብላም አላየችው። ድንጋዩን አቅፋ አነሣች፣ ጫንቃዋ ላይ አደረገች፣ በጣሊያኑ ፊት ተንበረከከች።

«ስለ ማርያም ይማሩን፣ ጌታዬ» አለች።

እሱም ማረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወልደሩፋኤል ከኋላዋ ሆኖ ድንጋዩ የላጠውን ማጅራቷን ያያል። «ምነው በሰለች? ምነው አዋረድሽኝ?» አላት።

ዞረችበት። «አንተማ ምን አለብህ! ተናገርክ፣ ወጣልህ። እነዚህን ልጆች የት ላድርጋቸው? ዝናቡ ደርሷል፤ ይልቅ በሬዎቹን ጥመድ!»

በማግሥቱ ጠመደ። ቀኑን ሙሉ አረሰ። የሚያርሰው መሬት የራሱ አለመሆኑ እንደዚያን ቀን ነድዶት አያውቅም።