ሦስት ዙር ላስቲክ

የድሮ ስልክ ሲበራ የሚያሰማውን አጭር ዜማ ታክሲ ውስጥ ድንገት ስሰማ፣ ዛሬም መዳፌን ያልበኛል።

እናቴ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ትንሽ ኪዮስክ ነበራት፤ ጠያቂዎች ስልክ ይዘው መግባት ስለማይፈቀድላቸው እኛ ጋ እያስቀመጡ ይገቡ ነበር። እኔ ከካርቶን ጥንድ ጥንድ ቁጥር እቆርጣለሁ፤ እናቴ አንዱን ለባለቤቱ ሰጥታ፣ ሌላውን ባለቤቱ ካጠፋው ስልክ ጋር በላስቲክ ሦስት ዙር ታስር ነበር። «የሰው ስልክ የሰው ገበና ነው» ትለኝ ነበር።

ክረምት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የታሰረ ልጃቸውን የሚጠይቁት እትዬ ዘነበች ስልካቸውን ትተው እንደገቡ፣ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ወዲያው ጋሽ ክፍሌ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ የሰፈሩን ቤቶች አምስት አምስት አድርገው፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያሉ ለቀበሌው የሚመዘግቡት እሳቸው ነበሩ።

«ሚጡ፣ የዘነበችን ስልክ እስቲ አቀብይኝ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

እንቢ ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ግን ለትልቅ ሰው ዕቃ በሁለት እጅ ይሰጣል ተብዬ ስላደግሁ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሲያበሩት ስልኩ ዜማውን አሰማ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ደብተራቸው ላይ ገልብጠው፣ አጥፍተው፣ «ጎበዝ ልጅ» ብለው መለሱልኝ። እናቴ ሳትደርስ ብዬ በጥድፊያ መልሼ አሰርኩት።

እናቴ ተመልሳ ስልኩን አየችው፣ ከዚያም እኔን። ላስቲኩ ሁለት ዙር ብቻ ነበር። የሆነውን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም፤ ጋሽ ክፍሌም ኪዮስኩን ለማዘጋት አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። እትዬ ዘነበች ሲወጡ ግን፣

«እትዬ፣ ክፍሌ ስልክዎን ከፍቶ ቁጥሮቹን ወስዷል። ጥፋቱ የእኛ ነው» አለቻቸው። «ጋሽ» ማለቷን ስትተው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«የልጄ ጓደኞች ቁጥር አለበት እኮ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ቀስ ብለው። መደወል አልደፈሩም፤ ስልኩን ጉያቸው ከተው፣ ለልጆቹ በየቤታቸው ሄደው ሊነግሯቸው በጭቃው ውስጥ ሮጡ። ሁለቱን አስጠነቀቁ። ሦስተኛው በማግስቱ ከቤቱ ተወሰደ።

መስከረም ሲጠባ እኛ ጋ ስልክ የሚያስቀምጥ አልነበረም። እትዬ ዘነበች ብቻ ስልካቸውን ቤት ትተው እየመጡ ሰላም ይሉን ነበር፤ ያን ነገር አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ያኔ የሰው ስልክ ለመበርበር ሰው መጥቶ፣ ፊቴ ቆሞ፣ እጁን መዘርጋት ነበረበት። አሁን ስልኬ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ማታ አንስቼ አገላብጬ አየዋለሁ፤ ስንት ዙር እንደታሰረ የምቆጥርበት ላስቲክ ግን የለውም።