ሽንኩርት የምታክል ድንጋይ

ኧረ ቀስ! ያቺን ድንጋይ እንዳትጥያት። ከበርሜሉ ክዳን ላይ ስታነሺያት ኳ ስትል ሰማኋት እኮ። ንፋስ ክዳኑን እንዳይወስደው ነው የጫንኳት፤ ውሃው ስንት ቀን ጠፍቶ መጥቶ ደግሞ አቧራ ሲጠጣው ያናድደኛል። እስቲ ወዲህ በያት። አሽትቻት። ዝናብ የነካው የጀጎል ግንብ አይሸትም? ይቺ ድንጋይ ናት እኔን የዳረችኝ። አትሳቂ! ወንድሜ በሬዲዮ ሲያወራው የሳቅሽው ይበቃሻል። ዛሬ እውነተኛውን ስሚ።

ያኔም ቤታችን እዚሁ ፈላና በር ነበር። ወንድሜ ከኔ ያንሳል፤ አፉ ግን ከኔም ከአባታችንም ይበልጣል። ሰው አይቶ መተው አይችልም። ቄሱ ሲያስነጥሱ፣ ሥጋ ሻጩ ቢላ ሲስል፣ ሐረሪዋ ጎረቤታችን «ወላሂ!» ብላ ደረቷን ስትመታ፣ ሁሉንም ይሆናቸዋል። እናቴ «አንተ ልጅ፣ የራስህን ፊት የት ጣልከው?» ትለው ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ሰው ወድጄአለሁ። መውደድ ያኔ ምን መሰለሽ? ሰውዬው ጸሐፊ ነው፣ ረጅም፣ ሳቅ የሚባል ያልፈጠረበት። በበሩ ሳልፍ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ክሩ ተፈቶ አይቼው አላውቅም። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። አንድ ቃል ሳንነጋገር ሽማግሌ ላከ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ የሱ አጎት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው። በጠዋት መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆሙ፣ «ለመቀመጥ አልመጣንም፣ ቃላችንን ስሙን» አሉ፣ ወጉ ነው። አባቴ ለምኖ አስቀመጣቸው። የመቶ አለቃውን አቀማመጥ ባየሽ! ጉልበታቸው ታማሚ ነው፤ እንደ ግመል በየተራ ነው የሚቀመጡት። መጀመሪያ አንዱ ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ከዚያ አንድ ረጅም «እህህህ»፣ በመጨረሻ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ይቀመጣል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ወንድሜን አየሁት። ዓይኑ በርቷል። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ተቀብለው በደህና ወጡ። ታዲያ መቶ አለቃው ባርኔጣቸውን አግዳሚው ላይ ረስተው ኖሯል። ይሄ ልክፍተኛ ምን አደረገ? ባርኔጣውን ደፋ፣ የእናቴን ነጠላ አጣፋ፣ ዘነዘናውን ከዘራ አደረገ፣ ግቢው መሃል ገብቶ ተቀመጠ። አንዱ ጉልበት፣ ወገብ፣ «እህህህ»... እናቴ ሳትፈልግ ሳቀች። ጎረቤታችን «ወላሂ ራሳቸው ናቸው!» ብላ ግንቡን ተደገፈች። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ወንድሜ የሳቁ መጥፋት ገርሞት ዞር ቢል፣ መቶ አለቃው በሩ ላይ ቆመዋል።

መጡ፣ ባርኔጣቸውን ከራሱ ላይ አነሱ፣ በጋቢያቸው ጠረጉት፣ ደፉት፣ ሄዱ። በማግስቱ መልእክት መጣ፦ «በሽማግሌ ከሚቀልድ ቤት አንጋባም።»

እንዴት እንደበገንኩ አትጠይቂኝ። ስወጣ ያ ጸሐፊ በበሩ የለም። ክሩን የሚያስር የለም። ወንድሜን በመጥረጊያ አሯሯጥኩት፣ ግንብ ላይ ወጥቶ «አቦ እህቴ፣ ሌላ ጸሐፊ ሞልቷል!» አለኝ። ያኔ ቢወርድልኝ ኖሮ ዛሬ ሬዲዮ የሚባለው ቤት አንድ ሰው ይጎድለው ነበር።

አባቴ ግን ሰው ነበር። «ድንጋይ ተሸክመህ እግራቸው ላይ ትወድቃለህ» አለው። የይቅርታ ወጉ እንደሱ ነው፤ አንገትሽ ላይ ድንጋይ ጭነሽ ታጎነብሻለሽ፣ የተቀየመሽ ሰው «ይቅር» ብሎ እስኪያወርድልሽ ቀና አትይም። ሄዶ ድንጋይ መርጦ መጣ። ይቺን! አባቴ አየና «ይሄ ድንጋይ ነው ሽንኩርት?» አለው። «አባዬ፣ ጥፋቴም ቀልድ ነው፣ ልክ በልኩ ይሁን ብዬ ነው።» ሌላ እንዳይፈልግ መሸበት፣ በሷው ሄደ።

አባቴና እሱ ቀደሙ፣ እኔና ጎረቤታችን ተሸፋፍነን ከኋላ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንደርስ እንኳ አፍሮ አፉን ይይዛል ብዬ ነበር። ልጄ፣ አጎንብሶ የሰው ጫማ ብቻ እያየ፣ በጫማቸው እያወቀ ሰላም ይላቸዋል! «እንዴት ዋሉ የኔታ! አቦ አንተ ሹፌሩ፣ ይሄን ሸራ ጫማ ዛሬም አላጠብከውም?» ሰው ከኋላው ተከተለ። ልቅሶ ይሁን ሰርግ የሚለይ ጠፋ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

መቶ አለቃው ግቢ ገብቶ እግራቸው ስር ተደፋ። እኛ አጥሩ ኋላ ቀረን። ዶሮ ሲጭር ይሰማኛል። ብዙ ቆይተው፣

«እስቲ ድገመው» አሉት።

«ምኑን ጌታዬ?»

«አቀማመጤን።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። ወንድሜ ድንጋዩን በአንድ እጁ አንገቱ ላይ ይዞ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ። አንዱ ጉልበት። ወገብ። «እህህህ።» ጢም የለውም እንጂ ጢሙንም አስቀመጠው። የኔ ትዳር እዚያ «እህህህ» ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣቸው ባለቤታቸው ናቸው። ከጓዳ ሆነው «እውነቱን ነው! ስንት ዘመን ስነግርዎት!» ብለው ጮኹ። መቶ አለቃው ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሞከሩ፣ አልሆነም፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ መቆም ሲያቅታቸው ተቀመጡ። እንዴት? ልክ እንደዚያው፣ እንደ ግመል በየተራ። ያኔ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለትና «ይቅር ብዬሃለሁ። ባርኔጣዬን ግን አትንካ» አሉት።

ተዳርኩ። እሱም በዚያው ተበላሸ። ሰርግ ላይ ጠሩት፣ ከዚያ አዳራሽ፣ ከዚያ ወታደር ካምፕ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሬዲዮ ወሰደው። ብቻውን ቆሞ እያወራ ሰው ያስቃል። አሁን ስታንዳፕ ኮሜዲ ይሉታል አሉ፤ ያኔ «ሥራ ፈት» ነበር ስሙ። በዓል በመጣ ቁጥር የኔን ጉድ ነው የሚያወራው። መኪና ግርግር ያሉ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን አቁመው ያዳምጡታል። ድንጋዩ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል! መጀመሪያ ጥቅል ጎመን ያክል ነበር፣ ቀጥሎ ዱባ፣ በኋላ የወፍጮ ድንጋይ ሆነ። ገበያ ስወጣ ሻጮቹ «እማማ፣ ድንጋዩ ዘንድሮ ስንት ኪሎ ገባ?» ይሉኛል። ያ ሳቅ ያልፈጠረበት ባሌ ነፍሱን ይማረውና የሚስቀው ወንድሜ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ብቻ ነበር፣ እሱም በኔ!

ከሁሉ የሚያበግነኝ መጨረሻው ነው። «እህቴ አጥር ይዛ ስታለቅስ አየኋት፣ ለዚያ ብዬ ነው መቶ አለቃውን ያሳቅኳቸው» ይላል። ውሸታም! አጎንብሶ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ጭኖ፣ የኔን ዓይን በየት በኩል አየ? በመጣ ቁጥር እንጣላለን። «ሽንኩርት ናት!» እለዋለሁ። «ወፍጮ ነው!» ይለኛል። «አላለቀስኩም!» «አልቅሰሻል!»

አሁንማ ይኸው፣ እዚያ ፀሐዩ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ልጆቹ አመጡልኝ። የመርሳት በሽታ ነው አሉ። ለሱ አንዳንዴ እናታችን ነኝ፣ አንዳንዴ ሠራተኛዋ። ባለፈው በዓል ሬዲዮው የድሮ ቅጂውን አሰማ። እኔ ከሱ አጠገብ ነበርኩ። የራሱን ድምፅ ሰማ ሰማና፣

«ይሄ ሰውዬ ያጋንናል» አለኝ።

ስንት ዘመን ስጮህበት የኖርኩትን ያን ቀን አመነልኝ። ደስ ይበለኝ? አልሆነም፣ ልጄ። ተነሳሁና ድንጋዩን ከበርሜሉ ላይ አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። በመዳፉ መዘናት፣ አገላበጣት።

«ይቺ? ይቺማ ሽንኩርት ናት» አለ።

«አንተ ምን ታውቃለህ» አልኩት። «ወፍጮ ነበር። ልጁን አንገቱን ሊሰብረው።»

«አትይኝም! ልጅቷስ?»

«አጥር ይዛ አለቀሰች።»

«ምስኪን» አለና እጄን ያዘኝ። «አይዞሽ በያት። ልጁ ያስቃቸዋል።»