ስለ ተራራው ብቻ ነገርኳት

እናቴ በቀን ሁለቴ ትደውል ነበር። እሷ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ኬንሲንግተን ሰፈር ባለው አፓርታማችን፣ እኔ ደቡብ ቻይና፣ አንድ ተራራ ሥር። ጥያቄዋ ሁሌም አንድ ነው፤ «አገኘሽው?»

አባቴን ማለቷ ነው። ወሎ ውስጥ መንገድ ሊሠሩ ከመጡት ቻይናውያን አንዱ ነበር። መንገዱ አለቀና ወደ አገሩ ሄደ፤ እኔ ገና ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። የተወልን ነገር ቢኖር ልጆች ሲስቁበት ያደግኩት ይህ መልኬና ጀርባው ላይ አድራሻ የተጻፈበት አንድ ፎቶግራፍ ነው። እዚያው ሜልበርን፣ ሰንሻይን ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ቻይናዊት አድራሻውን አነበበችልኝ፤ ወደ መንደሩም ደወለችና ቤተሰቡ እዚያው እንዳለ ነገረችኝ። እሱስ? ብዬ አልጠየቅኩም። እናቴም አልጠየቀችም። ፈርተን ነው፣ ሌላ ሰበብ የለንም። የዓመት ፈቃዴን ጠቅልዬ ወሰድኩና ቲኬት ቆረጥኩ።

እህቱ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ኩርምት ያለች አሮጊት ናት። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ መረመረችኝ። የእኛ አይደለችም ብትልስ? ሻሼን ገፋ አድርጋ ጆሮዬን አየችና የራሷን አሳየችኝ። ያው ወደ ውጭ የወጣ ጆሮ፣ ዕድሜ ልኬን ስሸፍነው የኖርኩት! እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ እጄን ይዛ የድንጋይ ደረጃ አስወጣችኝ። ወደ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ነበር። የደረስነው መቃብር ነው። ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል አለኝ ስልኬ፣ የእሷን ቃል እየተረጎመ።

ቁልቁል ስንወርድ እናቴ ደወለች።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ባለበት ነው። እናቴ ደግሞ ብቻዋን ናት፣ ደም ግፊትም አለባት። ገና ነው፣ እየጠየቅን ነው አልኳትና ስለ ተራራው ጀመርኩ። ዓለቱ ምሰሶ መስሎ እንደቆመ፣ ጉሙ ከወገቡ በላይ እንደማያሳይ፣ ዛፍ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እንደሚበቅል። በማግስቱም እንዲሁ። ፎቶ በላይ በላዩ ላክሁላት። አክስቴ በየቀኑ እየወሰደች አባቴ በልጅነቱ ሣር ያጨደበትን፣ ውሃ የቀዳበትን ታሳየኛለች፤ እኔ ግን ግማሽ ጆሮዬ ስልኬ ላይ ነው። የአባቴን አገር አንድ ቀን እንኳ ረጋ ብዬ አላየሁትም። በአራተኛው ቀን እናቴ መጠየቅ አቆመች። ተመስገን አልኩ፣ እኔ ሞኝ።

ከመመለሴ በፊት ለጎረቤታችንና ለሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መሞቱን በስልክ ነገርኩ። አውሮፕላኑ ማለዳ ስለሚያርፍ ሕንፃው በር ላይ ተገናኝተን ቀጥታ አብረን ልንገባ ተስማማን። ሊፍቱ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ከጎኗ እንደሚቀመጥ በሹክሹክታ ተከፋፈልን። አንድ ነገር ብትሆን ገዳይዋ እኔ ነኝ።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። እናቴ ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች።

«ሰውየውን ስጠይቅሽ ተራራ ታወሪኛለሽ» አለችኝ። «ቢኖር ኖሮ ስለ ድንጋይ ታወሪኝ ነበር?»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ልንደግፋት የሄድነውን እሷ ደገፈችን፤ እኔን አቅፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ስንት ቀን ብቻዋን እንዳለቀሰች ለመጠየቅ አፈርኩ። ለቅሶው ጋብ ሲል ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች። የላክሁላትን ፎቶ አንዱንም አልከፈተችውም ነበር።

መነጽሯን አደረገችና ስልኩን ሰጠችኝ።

«በይ እንግዲህ» አለች፣ «አሁን ተራራውን አሳዪኝ።»