በሉህ ላይ የተጻፉ የመውደድ ቃላት

እንግሊዝኛ ለጣዕምና ለደስታ ያሉት ቃላት ብዛት የባለቤቶቹን ስሜት ረቂቅነት ያሳያል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አብዛኞቹ ቋንቋውን የተማሩት ከመጻሕፍት ነው። እኔም እንደነሱ ነበርኩና አልፈርድባቸውም፤ አልስማማም እንጂ። ሰው ለአንድ ነገር አሥር ስም የሚያወጣው ነገሩን አብልጦ ስለሚያውቅ ላይሆን ይችላል። አንዱን ቃል ያላግባብ ሲሠራበት ውሎ ስላደከመው ሌላ የሚፈልግም አለ። ይህን የተረዳሁት በትምህርት ቤት አይደለም። በጣሊያን ዘመን ማብቂያ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በይፋት ቆላ፣ የአንዲት ላም ገመድ በተፈታበት ቀን ነው።

ወደዚያ የወረድኩት ጀግንነት አምሮኝ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ የፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት እየተለቀመ በሚታሰርበት ጊዜ፣ የአባቴ የንግድ ወዳጅ የነበሩ አንድ የይፋት ሰው «እኛ ዘንድ ይምጣ» ብለው ላኩ። ጣርማ በርን በእግሬ ተሻግሬ ቁልቁል ስወርድ ብርዱም ፍርሃቱም አብረው እየቀለሉኝ ሄዱ። ሰውዬውን ጋሼ እላቸው ነበር። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሙስሊም ገበሬ ናቸው፤ ቀደም ሲል በግመል ጨው ይነግዱ ነበር። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ቁጥብ አልነበሩም።

ክርስቲያን ነኝና በዚያ ቤት ሥጋ አልበላም፤ እነሱም አያቀርቡልኝም፤ ማንም በማንም ቅር አይሰኝም። የማሽላ እንጀራና ወተት ይበቃኝ ነበር። ጾም ይሁን አይሁን የሚቆጥርብኝ ቄስ በአቅራቢያው አልነበረም።

ጣሊያን አምስተኛ ዓመቱን ሲይዝ እንግሊዝ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ከአጣዬ ገበያ ደረሰን። ያን ሰሞን ጋሼ እንግሊዝኛ አስተምረኝ አሉኝ። እኔ ራሴ እንደተማርኩት በወንበርና በጠረጴዛ ልጀምር ስል አቋረጡኝ። ወንበር እንደሌላቸው፣ ያለቻቸው አንዲት መቀመጫ ዱካም በማንም ቋንቋ ብትጠራ እንደማያስጨንቃቸው ነገሩኝ። የፈለጉት አንድ ዓይነት ቃል ብቻ ነበር፦ ፈረንጅ አንድ ነገር ሲጥመው፣ ሲወደው፣ ሲጠላው፣ ሲያስጸይፈው ምን እንደሚል።

ምክንያቱን የነገሩኝ ውለው አድረው ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ ጣሊያን መንገዱን ሲቀይስ፣ አንድ ሹም ከነአስተርጓሚው እደጃቸው አርፎ ነበር። ሹሙ በሬያቸውን አየና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «በሬህን ወደደው» አለ። በዚያ አገር ከጣራህ ሥር ያረፈ እንግዳ የአንተን ነገር ወደድኩት ካለ ነገሩ የእሱ ነው፤ ገመዱን በእጁ ታስይዘዋለህ። እንግዳም ይህን ስለሚያውቅ አፉን ይጠብቃል። ቢያምረው እንኳ «አላህ ይባርክላችሁ» ብሎ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። ጋሼ ገመዱን አስያዙት። ሹሙ ትንሽ ግራ ተጋባ፤ ግራ ተጋብቶም ግን ተቀበለ።

«በሬዬን የሰጠሁት ለፈረንጁ ቃል ይሁን ለአስተርጓሚው ቃል እስከ ዛሬ አላወቅሁም» አሉኝ። የሚያንገበግባቸው ይህ ነበር። ከእንግዲህ ምን እንደተባሉ በራሳቸው ጆሮ መስማት ፈለጉ።

ጋሼ በልጅነታቸው ቁርአን ቀርተው የተማሩበትን ሉህ፣ እጀታ ያለውን የእንጨት ሰሌዳ፣ ከግድግዳው አወረዱ። ከጥላሸትና ከሙጫ ቀለም በጠበጡ። እኔ የምጠራውን እንግሊዝኛ በዐረብ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፉታል፤ በቃላቸው ሲይዙት ሰሌዳው ይታጠባል። የቁርአን ቃል የታጠበበት ውሃ ለበረከት ይጠጣል። የእንግሊዝኛው ግን እንዲደፋ ተወሰነ፤ ደፊው እኔ ነበርኩ። እትዬ አንድ ቀን ጠሩኝና ከበርበሬ ተክላቸው ራቅ አድርጌ እንድደፋው፣ ፈረንጅ እንዳላበቅልባቸው አስጠነቀቁኝ።

ትርጉም ብቻ ለጋሼ አይበቃቸውም፤ የቃሉን ክብደት ይጠይቃሉ። «ላይክ» ማለት ደስ መሰኘት ነው፣ ቢገኝ የሚበላ፣ ቢቀር የማያስናፍቅ ነገር ነው አልኳቸው። ለማሽላ ቂጣ ሰጡት። «ኢንጆይ» አንድን ነገር ሳይቸኩሉ፣ በውስጡ እየቆዩ መደሰት ነው ስላቸው ከከሰዓት በኋላ ጫታቸው ጋር አስቀመጡትና ቃሉን ያወጣው ሰው ቆላ ሳይኖር አልቀረም አሉ። «ዴሊሸስ» ለማር ሆነ። ከዚያ ወደ ታች ወረድን፦ አለመውደድ «ዲስላይክ»፣ መጥላት «ሄት»፣ ዓይንህ እንዳያየው እስከመሸሽ መጸየፍ «ሎዝ»። ሆድ የሚገለብጠውን «ዲስገስት» ለማስረዳት አልደከምኩም። ጣሊያኖች በመንገድ ሥራው ሰፈር ሲከፍቱት የሸተታቸውን የቆርቆሮ ሥጋ አስታውሰው ፊታቸውን አጨፈገጉ። እትዬ ከምድጃው በኩል «የጣዕሙ ስም ይኸው ቤቱን ሞላው፤ የሚበላውስ መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ።

ከሁሉም በላይ «ላቭ»ን ሰቀልኩት። መምህሬ፣ እሱ ራሱ እንግሊዝን ከሩቅ ያየ ግብጻዊ፣ ከእኛ አንዱ ሙዝን በዚህ ቃል ወደድኩ ቢል ክፉኛ ገሥጾት ነበር። ቃሉ ለፈጣሪ፣ ለእናትና ለአገር የተጠበቀ ነው አለን። እኔም ያንን ሕግ እንደ ራሴ ግኝት አድርጌ ለጋሼ አስተላለፍኩ። እንግሊዝ በዚህ ቃል ስለ ከብት ወይም ስለ ዕቃ ከተናገረ ነገሩ ነፍሱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው አልኳቸው። እኔ ከእንግሊዝ ጋር አንድም ቀን አውርቼ እንደማላውቅ አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝማ።

እንግሊዞቹ መጡ። የጭነት መኪናዎቻቸው አቧራ እያስነሡ ወደ ደሴ ሲያልፉ ዋሉ። አንዱ ከደጃችን ፊት ለፊት ውሃው ፈልቶበት ቆመ። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ሲታገል፣ ፀሐይ ያቀላው አንድ መኮንን ጥላ ፍለጋ ወደኛ መጣ። በዚያን ጊዜ ከከብቱ ሁሉ በቤቱ የቀረችው አንዲት ላም ነበረች። የጋሼ ልጅ ከወለደች በኋላ ታማ ጡቷ ስለደረቀ፣ ሕፃኑ የሚኖረው በዚህች ላም ወተት ነበር። ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው። እትዬ በወይራ ከታጠነው ቅል ወተት ቀዱለት።

መኮንኑ ሲቀምስ ጭሱ ሳይሸተው አልቀረም፤ ቅንድቡ ተነሣ። ግን ጨረሰው። ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ከዛፉ ሥር የታሰረችውን ላም አየና «አይ ላቭ ዛት ካው» አለ፤ ያቺን ላም ወደድኳት ማለቱ ነው።

ጋሼ ትርጉም አልጠየቁም። ተነሥተው ወደ ዛፉ ሄዱና ገመዱን መፍታት ጀመሩ። እትዬ ቅሉን እንደያዙ ቆሙ። 

ተከትያቸው ሄጄ ቃሉ ለአፍ ያህል የተባለ ነው አልኳቸው።

«ከላይ ያስቀመጥከው አንተ ነህ» አሉ፣ እጃቸው ከቋጠሮው ሳይነሣ።

ተሳስቻለሁ ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ስለ አነጋገር ልማድና ስለ ዐውድ ማብራራት ጀመርኩ፤ የተማረ ሰው ስሕተቱን ለማመን ሲቃረብ ንግግር ይረዝምበታል። ጋሼ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«ላሟን ልታተርፍልኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አላህ ይስጥህ» አሉ። «ያ የሹሙ አስተርጓሚም ግን እንዲሁ መሐላችን ቆሞ የመሰለውን ነው የተናገረው።»

 «ጋሼ፣ አላውቅም» አልኩ። «ከእንግሊዝ ጋር አውርቼ አላውቅም። ራስዎ ይጠይቁት።»

 ከዚያ ላሟን እየሳቡ ሄደው መኮንኑ ፊት ቆሙና ወደሷ እያመለከቱ «ላቭ?» አሉት። መኮንኑ ሣቀና «ላቭ» አለ። ነገሩ ጨዋታ መስሎት ኖሮ በዚያ አላበቃም። ወተት የጠጣበትን ዕቃ አንሥቶ «ላቭ» አለ። የተቀመጠበትን ጥላ፣ ከዚያ ማዶ ያለውን የጣርማ በር ተራራ፣ አፉ ላይ ያለውን ሲጋራ፣ ሁሉንም በዚያው ቃል ባረካቸው። መኪናውን ሲያመለክት ብቻ፣ ሾፌሩ ከሥር ሆኖ የሆነ ነገር አጉረመረመና መኮንኑ «ሄት» አለ። ጋሼ አልሣቁም። ጣታቸውን ወደ አቧራማው መንገድ ጠቆሙ። «ላቭ» አለ መኮንኑ። ቀጥለው ከበረቱ ጎን ወዳለው የፍግ ክምር ጠቆሙ። መኮንኑ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እጅ እንደሚነሣ ጎንበስ ብሎ፣ «ላቭ» አለ።

ጋሼ ገመዱን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት።

«ይኼ ሰውዬ ላሜን አልወደዳትም» አሉኝ። እፎይታ ነበራቸው፤ ስለ ላማቸው ግን ትንሽ ቅር ያላቸውም ይመስለኛል።

መኪናው ተነሥቶ መኮንኑ እጁን እያውለበለበ ሄደ። ጋሼ ላሟን መልሰው ሲያስሩ እትዬ ቅሉን አምጥተው በእጄ ላይ አኖሩትና ቶሎ አጥቤ እንድመልስላቸው፣ ሊያልቡ እንደሆነ ነገሩኝ።

«ሰዓቷ አይደለም» አሉ ጋሼ ከዛፉ ሥር።

«ሌላ የሚወዳት ሳይመጣ ነው» አሉ እትዬ።

ጋሼ ቋጠሮውን ደግመው አጠበቁት። እኔ ቁጢጥ ብዬ ቅሉን ማጠብ ጀመርኩ።