ሳይቀመስ የማይሸጥ ቅቤ

በቀለች ቀልድ የማታውቅ ሴት አይደለችም። በቅቤዋ ግን አትቀልድም፤ ማንም እንዲቀልድባትም አትፈቅድም። ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቅቤ ስትሸጥ አንድም ቀን የሰው እጅ ጎትታ «ግዙኝ» ብላ አታውቅም። የኮባውን ቅጠል ትገልጣለች፣ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ቆንጥራ የገዢው እጅ ጀርባ ላይ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ዝም። ሰውየው ያሸታል፣ ይልሳል፣ ካልጣመው ይሄዳል፤ አትቀየመውም። የምትቀየመው ቸኩሎ ሳይቀምስ ልግዛ የሚለውን ነው። «ነገ መጥተህ ልትሰድበኝ ነው? ቅመስ እንጂ!» ትለዋለች።

ወደ ስልክ ንግድ የገፋት መንገዱ ነው። በመንገድ መሄድ የሚያስፈራበት ያ የተረገመ ጊዜ ከመጣ ወዲህ፣ በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ እየመጡ ባልዲያቸውን ሞልተው የሚመለሱት ሴቶች ቀሩ። ከጊዳ አያና ይመጣላት የነበረው በሳል ቅቤም አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል። በቀለች መደቧ ላይ ተቀምጣ ዝንብ ስታባርር ትውል ጀመር። ከገበያው አፍ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት መክሊት ናት አንድ ቀን መጥታ፣ «አዴ በቀለች፣ ገዢው ካልመጣ እኛ እንሂድለት። ቴሌግራም ላይ እንሽጥ» ያለቻት።

አረንጓዴ ሻሿን አስራ፣ ሚዛኗን ከፊቷ አስቀምጣ ፎቶ ተነሳች። ቻናሉ «የበቀለች ቅቤ» ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ሁለት ኪሎ ለጋ አዘዘች።

«በሉ፣ ብሩን ታስገባና እንላክላት» አለች መክሊት።

«ሳትቀምስ?»

«አዴ፣ አዲስ አበባ ናት እኮ!»

«አዲስ አበባ ምላስ የለም?»

መክሊት ብትለምን፣ ብትስቅ፣ ብትቆጣ አልሆነም። በቀለች የአውራ ጣት ራስ የምታክል ቅቤ በኮባ ጠቅልላ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ ከትታ፣ የሴትየዋን ስልክ ቁጥር በማርከር ጽፋ ጎህ ሲቀድ ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር ሰጠች። ሾፌሩ ዕቃዋን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ «ይቺን ይዤ ነው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የምነዳው?» አለ። ወሬው ሲደርስ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ይልቅ የሳቀው ፊት ለፊቷ ሱቅ ያለው የቅቤ ነጋዴው ጂሩ ነው። «በቀለች የምትልሰውን በአውቶቡስ መላክ ጀመረች!» እያለ ሳምንት ሙሉ ሲያወራ ሰነበተ።

ይሳቅ። ሴትየዋ ቀመሰች፤ ሁለት ኪሎውን ገዛች፤ ለጎረቤቷም ነገረች። ጎረቤቷም ቅምሻ ተላከላት። በስድስት ወር ውስጥ የበቀለች ቅቤ ከመቶ በላይ ቤት ገባ። ጂሩም መሳቁን ተወ። በቀለች ግን ዝምታውን ልብ አላለችውም፤ ልብ ብትለው ምናለ!

አንድ ማለዳ መክሊት ፊቷ ተለዋውጦ መጣች። ስልኩን ከፈተችላት። የማታውቃት ሴት ድምፅ ነው።

«አንቺ ሴትዮ! ሔለን እባላለሁ። እህቴ አራስ ናት። ገንፎዋ ላይ ያደረግሁላት ያንቺን ጉድ ነው። ሆዷን ይዛ ስትንቆራጠጥ አደረች። የእናት ፊት አይቼ፣ አምኜሽ! በአራስ ትጫወቺ? እግዜር ይይልሽ!»

በቀለች ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰማችው። ሔለን የምትባል ደንበኛ የላትም። ያልቀመሰ ሰው ደግሞ አንድም ግራም ከእጇ አልወሰደም። «ያ ጎፍታ! ጌታዬ! ማን ነው በስሜ አራስ የሚያሳምም?» ብላ ጮኸች።

መክሊት ሔለንን ጠየቀቻት። የሸጠላት ሰው ስልኳን አላነሳ ሲላት «የበቀለች ቅቤ» ብላ ፈልጋ ነው እነሱ ጋ የደረሰችው። የገዛችበትን ቻናል ላከችላቸው። አረንጓዴው ሻሽ የበቀለች፣ ሚዛኑ የበቀለች፣ ስሙ የበቀለች። የስልክ ቁጥሩ ብቻ የሌላ። «በሁለት ኪሎ ግማሽ ኪሎ ምርቃት፣ ብር ቀድሞ ይላክ» ይላል ከሥሩ። መክሊት በዚያ ቁጥር ደወለች።

ፊት ለፊት፣ ጂሩ ሱቅ ውስጥ ስልክ ጠራ።

የበቀለች ደም ፈላ። ቢላዋዋን እንደያዘች ተነስታ መንገዱን ተሻገረች። መክሊት ደንግጣ ቀሚሷን ብትይዛት መንጭቃ አስለቀቀቻት።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ በቀለች» አለ ጂሩ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ሰላምታህን ለራስህ! ፊቴን ማን ፈቅዶልህ ነው የምትሸጥበት?»

ሊክድ እንኳ አልሞከረም፣ ዓይን አውጣ! «ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፎቶ የሁሉም ነው። ምንሽ ጎደለ? ፊትሽ ያው እዚያው አለ» አለ።

«አራስ ታመመችብኝ እኮ ነው የምልህ! ስድቡ የመጣው ለኔ ነው! በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እየዘመርን፣ አታፍርም?»

«ቅቤ ለሁሉ ሆድ አይስማማም» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ።

በቀለች ጎንበስ አለች። አጠገቡ ያለውን ባልዲ ከፈተች። ቅቤው ቢጫነቱ ዓይን ይወጋል። በቢላዋዋ ጫፍ ቆንጥራ ጂሩ አፍንጫ ሥር አቀረበችለት።

«ቅመስ።»

ገበያተኛው መሰብሰብ ጀምሯል። ጂሩ ፊቱን አዞረ። «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አለ። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተገመጠ ዳቦና ያላለቀ ሻይ አለ። ያየ ሁሉ ሳቀ፤ በቀለች ግን አልሳቀችም።

«ኦቦ ጂሩ፣ ሃያ ዓመት ቅቤ ነግደሃል። የራስህን ቅቤ ነው ቅመስ ያልኩህ። መርዝ አላልኩህም። ቅመስ!»

አልቀመሰም። እሷ ቀመሰችው፤ ወዲያውም እዚያው ደጃፉ ላይ ተፋችው። «የሚረጋ ዘይት በእርድ አቅልመህ! ለአራስ!» አለች። እንባዋ አመለጣት። ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ትናንት ከጂሩ የገዙ ሁለት ሴቶች ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ፊት ቀረቡ። ያን ጊዜ ነው ጂሩ ከወንበሩ የተነሳው። ሱቁን እየዘጋ በቀለችን በክፉ ዓይን አያትና፣ «ምን ያንጨረጭርሻል? ሰው የገዛው ፎቶሽን ነው። ያንቺን ቅቤ ከኔ ለይቶ የሚያውቅ ማን አለ?» አላት።

ይቺ ንግግር ናት አንጀቷን ያሳረረችው። ሌላውን ሁሉ ረገመችው፣ ሰደበችው፣ ወጣላት። ይቺ ግን አልወጣላትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላቧን ያንጠፈጠፈችው ለአንድ ፎቶ ነበር ማለት ነው? ሔለንስ ፊቷን አይታ አይደል የተታለለችው?

መደቧ ላይ ተመልሳ፣ «ፎቶዬን ከዚያ ነገር ላይ አጥፊልኝ» አለቻት መክሊትን።

«አዴ፣ ያለ ፎቶማ ማን ያውቅዎታል?»

«አጥፊ አልኩሽ! ድምፄን ቅጂ።»

መክሊት ፎቶውን አጥፍታ ቀዳች። በቀለች ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ቁጣዋን ሳትደብቅ ተናገረች፦ «በቀለች ነኝ፣ ከነቀምቴ። ፊቴን አይታችሁ አትግዙኝ፤ ፊቴን ሌባ ወስዶታል። ቅምሻ ሳይልክላችሁ ብር ላኩ የሚላችሁ ሰው እኔ አይደለሁም። አለቀ።» መክሊት መልእክቱን ለሔለንም ላከችላት።

በማግሥቱ ሔለን መለሰች። ድምጿ የሌላ ሰው ይመስላል። «አዴ በቀለች፣ በፈጣሪ ይቅር ይበሉኝ። በማያውቁት ነገር ሰደብኩዎት። እህቴ ደህና ናት። አምስት ኪሎ ለጋ እፈልጋለሁ፣ ብሩን አሁኑኑ አስገብቻለሁ። ለቅምሻው አይድከሙ፤ ከእንግዲህ አምኜዎታለሁ።»

መክሊት በደስታ እጇን አጨበጨበች። በቀለች ግን ቱግ አለች።

«መልሺላት!»

«ምኑን?»

«ብሩን ነዋ! ይቺ ልጅ አትማርም እንዴ? ሳትቀምስ አምና አይደል እህቷን ያሳመመችው? ዛሬም አምኜሻለሁ ትለኛለች!»

እያጉረመረመች ቅቤዋን ቆንጥራ በኮባ ጠቀለለች። ክዳኑን ገጥማ የሔለንን ቁጥር በማርከር ጻፈችበት። ከዚያ ስልኩን ከመክሊት እጅ ነጥቃ አፏ አጠገብ አደረገችው።

«ሔለን ልጄ፣ ስድብሽን ይቅር ብያለሁ፣ ብርሽ ግን ተመልሶልሻል። ነገ አውቶቡስ ተራ ሄደሽ ቅምሻሽን ተቀበዪ። ቅመሺው። ካልጣመሽ እንዳሰኘሽ ስደቢኝ፤ ያን ጊዜ ስድቡ የኔ ነው።»