ፕላስተር የተለጠፈበት ጌጅ

አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። አብራሪነት ለመማር በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ማሰልጠኛው ሁለት ዓይነት አውሮፕላን ነበረው፤ አሮጌዎቹ ፍጥነትን፣ ከፍታንና አቅጣጫን በየራሳቸው ክብ ጌጅ፣ በቀስት የሚያሳዩ፤ አዲሶቹ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ሰፊ ስክሪን ላይ በቁጥር የሚደረድሩ። አሰልጣኙ በየትኛው መጀመር እንደሚሻለን ለመወሰን አንድ በአንድ ያነጋግረን ነበር። ተራዬ ሲደርስ የጠየቀኝ ግን አገሬን ነው።

«መተማ፣ ሸሕዲ» አልሁት።

«በቃ፣ ለአንቺ ባለ ጌጁ ይበቃሻል» ብሎ ጻፈ። «መቼም ተመልሰሽ ሰሊጥ ላይ መድኃኒት ብትረጪ ነው።»

ሴት በመሆኔ ለሚመጣብኝ ንቀት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። በአገሬ በኩል ይመጣል ብዬ ግን አላሰብሁም። ደግሞስ መድኃኒት መርጨት ምን ነውር አለው? የሰሊጡን አናት ታክኮ መብረር ቀላል መሰለው እንዴ? በልቤ አንተ እያልሁ በአፌ ግን፣ «ካፒቴን፣ ባለ ስክሪኑን ነው የምፈልገው» አልሁት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሰረዘና ቀየረው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔም ዋጥሁ።

ለወራት ስክሪኑ ተመቸኝ። ቁጥር አነባለሁ፣ እበራለሁ። የፈተናው ዕለት ግን አየር ላይ እንዳለን አሰልጣኙ እጁን ሰደድ አድርጎ ስክሪኑን አጠፋው። ይህ የፈተናው አካል ነው፤ ከሥር ባሉት ትንንሽ መጠባበቂያ ጌጆች መብረር ነበረብኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የጠቆረውን ስክሪን በጥፍሬ ኳ ኳ አደረግሁት።

በእኛ ቆላ አቧራው ቀስቱን ስለሚይዘው፣ መስታወቱን ሳያንኳኳ ጌጅ የሚያምን ትራክተር ነጂ የለም። አባቴ ትራክተር ነጂ ነው፤ መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። እጄ የለመደውን አደረገ።

«ትራክተር መሰለሽ እንዴ?» ብሎ አሰልጣኙ ሳቀ። እኔ በሳቁ ስንጨረጨር፣ ዓይኔም ቁጥር ሲፈልግ፣ አውሮፕላኑ ቁልቁል መውረዱን እንኳ አላወቅሁም። መሪውን ተቀበለኝ። ወደቅሁ። የቀረኝ አንድ ድጋሚ ፈተና ነው፤ እሱንም ከወደቅሁ መባረሬ ነው።

በዕረፍቱ ሳምንት ሸሕዲ ገባሁ። አባቴ እርሻ ሳይጀመር ትራክተሩን ፈታትቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ አገኘሁት። ንቀቱንም ሳቁንም እየጮህሁ ነገርሁት። አብሮኝ እንዲናደድ ነበር የፈለግሁት።

«አንቺየ» አለኝ መፍቻውን አስቀምጦ፣ «ትራክተር ሳስተምርሽ የሙቀቱን ጌጅ ምን አድርጌው ነበር?»

«ፕላስተር ለጥፈህበት ነበር። ክረምቱን ሙሉ።»

በእኛ ዘንድ ጀማሪ የሚማረው እንዲህ ነው። ሞተሩ መጋሉን በጆሮውና በአፍንጫው እስኪለይ ድረስ ጌጅ አያይም።

«ታዲያ ንቄሽ ነበር?»

«አልናቅኸኝም» አልሁት።

«ያ ሰውየ ስላገርሽ ተናገረ፣ አንቺም ስላገርሽ መለስሽ። እኮ የትኛው አውሮፕላን እንደሚያስተምርሽ ማን ጠየቀ?»

በአባቴም ተናደድሁ። ልክ ስለነበረ ነው።

ተመልሼ አሰልጣኙ ቢሮ ገባሁና እስከ ድጋሚ ፈተናው በባለ ጌጁ እንድለማመድ ጠየቅሁ።

«አላልሁሽም?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«አላሉኝም» አልሁት። «እርስዎ ያሉኝ ለመተማ ልጅ ይበቃታል ነው። እኔ ግን ሁለቱንም ልችል ነው የመጣሁት።»

ፈገግታው ጠፋ። በማግስቱ በባለ ጌጁ አብረን ስንወጣ ከኪሴ ፕላስተር አውጥቼ የፍጥነቱን ጌጅ ሸፈንሁት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የአገሬ ትምህርት ነው፣ ካፒቴን። እርስዎ አጠገቤ ስላሉ አልፈራም።»

መቼም ያን ቀን አልከለከለኝም። የሞተሩን ድምፅና የመሪውን ክብደት እየሰማሁ በረርሁ። ፕላስተሩን ባነሳሁ ቁጥር ቀስቱ ከገመትሁት ብዙም አይርቅም ነበር። የድጋሚ ፈተናው ዕለት በባለ ስክሪኑ ወጥተን ስክሪኑን ሲያጠፋው እጄ ወደ መስታወቱ አልሄደም። ትንንሾቹን ጌጆች እያየሁ አሳረፍሁት። ማለፌን ፈርሞ ሰጠኝ፤ ይቅርታ ግን አላለኝም።

ዘንድሮ ከዚያ ማሰልጠኛ የወጣች ልጅ አግኝቼ ነበር። አሰልጣኙ ጀማሪዎችን የፍጥነቱን ጌጅ በፕላስተር እየሸፈነ ነው አሉ የሚያስተምራቸው። ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት፣ «ከልምድ» ይላል።