የፕሮቪ ጣሳዎች

የባሌ እህት ፕሮቪደንሲያ ሳሎኔን ከወረሰችው ሁለት ዓመት አለፈ። አውሎ ነፋሱ የቤቷን ጣሪያ ይዞት ሲሄድ፣ “ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው” ብላ ትራሷን ታቅፋ መጣች። ትራስ ስል የሚተኙበትን አይደለም። እዚህ ከተማችን ሞካ ሴቶቹ ዳንቴል የሚሠሩበትን ድቡልቡሉን ነው። ላዩ ላይ የተበሳሳ ካርቶን ይደረጋል፣ ቀዳዳው ላይ ስፒል ይሰካል፣ ከዚያ ክር የተጠመጠመባቸው አርባና ሃምሳ ትንንሽ እንጨቶች በስፒሉ ዙሪያ እየተቀያየሩ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ይውላሉ። ፕሮቪ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምራ ይህንኑ ስትሠራ ኖረች። እዚህ ከተማ የእሷን ዳንቴል ሳይለብስ ክርስትና የተነሣ ሕፃን ካለ እኔ አላውቀውም። ይህን አልክድም።

እኔን ያቃጠለኝ ኮተቷ ነው። ነጩ ክር በብስኩት ጣሳ ከወንበሯ እግር ሥር፣ መንገድ ላይ። ክሬሙ ክር ሬዲዮው ላይ። ስፒሉ በቡና ጣሳ መስኮቱ ላይ፣ አበባዬን ገፍቶ። ካርቶኖቿ የሟቹ ባሌ ወንበር ላይ፣ ሰው እንዳይቀመጥበት። ባዶ እንጨቶቿ ደግሞ በሾርባ ሳህኔ ውስጥ። አንዱን በእግሬ ገፋ ካደረግኩት ሳልዞር ቦታው ይመለሳል። እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ይዤ ጠመኔ እንኳ ያልጠፋብኝ ሴት ነኝ።

“ፕሮቪ፣ ይሄ እኮ ሳሎን ነበር” እላታለሁ።

“አሁንም ሳሎን ነው። መጥረጊያውን አስቀምጠሽ ቁጭ ብትዪ ይታይሽ ነበር” ትለኛለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

በመጨረሻ ፖንሴ ከተማ ያለችው ልጇ ዞራይዳ ጋ ደወልኩ። ነይና እናትሽን ምከሪልኝ፣ በቆርቆሮ ልትቀብረኝ ነው አልኳት።

“እሑድ እመጣለሁ ቲቲ ኢሳውራ” አለችኝ፤ ቲቲ አክስት ማለቷ ነው። “ምናልባት ዓይኗ ደክሞ እንዳይሆን? እንደዚያ ከሆነ አረጋውያን ማረፊያው ቦታ አለ፣ በማግስቱ ነው የማስገባት።”

“ዓይኗ ምን ይሆናል? ስንፍና ነው” አልኳት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

ሐሙስ ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ፕሮቪን ክንዷን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻት። እነሱ ሲወጡ እኔ ስድስት መሳቢያ ያለው አዲስ የፕላስቲክ ቁምሳጥን አስገባሁ። ክሩን ለብቻ፣ ስፒሉን ለብቻ፣ እንጨቱን ለብቻ አደረግኩ። ሳሎኔ ሳሎን መሰለ። በየመሳቢያው ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩና ልጽፍበት ስል ብዕሩ ደርቋል። ነገ እገዛለሁ ብዬ ተውኩት።

ፕሮቪ ተመለሰችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እጇን ወደ ታች ላከች፤ ወለሉን ዳበሰች። ወደ መስኮቱ ላከች፤ አበባዬን ነካች።

“ጣሳዬስ?”

“መሳቢያ ውስጥ ነው። ወረቀት ለጥፌበታለሁ፣ አንብበሽ አውጪ” አልኳት፣ ብዕሩ መድረቁን ረስቼ።

ግድግዳውን እየነካች ሄደች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች።

“ጽሕፈትሽ መቼም ግልጽ ነው” አለች። ሦስተኛውን ከፈተችና ክር ይዛ ተመለሰች። ትራሷ ላይ ያለው ሥራ ነጭ ነው፤ ያመጣችው ክሬም ነው።

ያኔ ነው የደረቀው ብዕር ትዝ ያለኝ።

“ፕሮቪ፣ ሦስተኛው ላይ ምን ይላል?”

“ነጭ ይላላ። አንቺው ጽፈሽ።”

“ምንም አልጻፍኩም።”

ክሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። “ካውሎ ነፋሱ በፊት ጀምሮ ነው። መሐሉ ጠፋ፤ ዳር ዳሩን አያለሁ። አንቺ ፊት ለፊቴ ስትቆሚ አትታዪኝም፣ እሱ እንኳ እረፍት ነው።”

“ዳንቴሉንስ እንዴት ትሠሪያለሽ?”

“እጄ ያውቀዋል። የሚጠፋበት ጣሳው ሲነሣ ነው።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ለዞራይዳ እንዳትነግሪያት። እዚያ ማረፊያ ስፒል አያስገቡም። ያለ ስፒል እጄን ምን ላድርገው?”

ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ። “ሁለት ዓመት ሙሉ ስጨቀጭቅሽ አንድ ቀን መናገር ያቅትሻል?”

“ብነግርሽ ታዝኚልኝ ነበር። ጭቅጭቅሽ ይሻለኛል።”

ዓርብን ሙሉ በጉልበቴ እየዳህኩ ኮተቷን መለስኩ። እሷ ተቀምጣ እጇን ትልካለች፤ “ሁለት ጣት ወደ ግራ” ትላለች። ሳህኔን ልወስድ ብል እሱም ቦታው ነው አለች። እርር ድብን እያልኩ መለስኩት።

እሑድ ዞራይዳ ገና ከመግባቷ የብስኩቱ ጣሳ አደናቀፋት። ዙሪያውን አየች፤ የመስኮቱን ጣሳ አንሥታ አየችና መልሳ አስቀመጠች።

“እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ቲቲ እውነታቸውን ነው። ዓይንሽ ነው አይደል? ደብቀሽኝ ነው?”

የፕሮቪ እጆች ቆሙ። እንጨቶቹ ዝም አሉ።

“የእኔ ነው” አልኩ።

“ምኑ?”

“ኮተቱ። በስተርጅና ዳንቴል ልማር ብዬ ነው። ዕቃ ያወጣሁበትን ቦታ እረሳለሁ።”

“በስልክ እናትሽ ናት አላሉኝም?”

“አፍሬ ነዋ።”

ዞራይዳ በሐዘኔታ አየችኝ። ግምጃ ቤቴን ሳስረክብ እንኳ ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። “ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ አይዞዎት። እኔ እኮ እናቴን ‘የኢሳውራን ቤት እዪ’ እያልኩ ነው የኖርኩት” አለችኝ። ሩዝና አተሩን አቀረብኩ። ስትሄድ በሩ ላይ እናቷን አቅፋ፣ እኔ የማልሰማ መስሏት፣ “ብቻዋን እንዳትተዊያት” አለቻት።

“መቼ ትቻት አውቃለሁ?” አለች ፕሮቪ።

በሩ ተዘጋ። ወንበሯ ላይ ተመለሰች፣ እጇን ወደ መስኮቱ ላከች።

“ኢሳውራ።”

“አሁን ደግሞ ምንድን ነው?”

“ልጅቷ የስፒሉን ጣሳ አንቀሳቅሳዋለች። ሁለት ጣት ወደ ቀኝ።”

ተነሥቼ መለስኩላት።